ጎማው ላይ ያለው «17» የእኛ 2017 አይደለም

አንድ ሻጭ በቴሌግራም የፒክአፕ ጎማ ፎቶ ላከላችሁ እንበል። ጎማው ያብለጨልጫል፣ ጥርሱም ሙሉ ነው። ጎኑ ላይ «3517» የሚል ቁጥር ይታያል። «አየኸው? የ2017 ነው፣ ገና ትኩስ!» ይላችኋል። እውነቱን ነው፣ የ2017 ነው። ግን የፈረንጆቹ። ቁጥሩ «በ2017 እ.ኤ.አ. በ35ኛው ሳምንት ተሠራ» ማለት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 2009 መጨረሻ ላይ ይውላል። በእኛ 2017 የተሠራ ከመሰላችሁ ሰባት ስምንት ዓመት ተሸውዳችኋል።

ጎማ ደግሞ መጋዘን ውስጥ ቢቀመጥም ያረጃል። ላስቲኩ ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ ጎኑ ላይ ቀጫጭን ስንጥቅ ያወጣል። ብዙ አምራቾች ጎማው አምስት ዓመት ካገለገለ በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከተሠራ አሥር ዓመት የሞላው ደግሞ ጥርሱ ባያልቅም እንዲቀየር ይመክራሉ። ስለዚህ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ የአራቱንም ጎማ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ፎቶ። «ዲ ኦ ቲ» ከሚሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት ቀጥሎ ባለው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ። ቁጥሩ በጎማው አንድ ጎን ብቻ ሊሆን ስለሚችል «አይታይም» ከተባላችሁ «አገላብጠው» በሉ።

ይህ ነገር አዊ ላይ የበለጠ የሚያሳስበው በመንገዱ ምክንያት ነው። እንጅባራ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ዝናብ የማይሰስትላት ከተማ ናት። በአንድ ቀን ውስጥ አንድ ፒክአፕ ከእንጅባራ በአስፋልት ዳንግላ ይደርሳል፣ ከዚያ ወደ ገጠር ቀበሌ ታጥፎ ኮሮኮንች ይመታል፣ ሲመለስ ዝናብ ያዘነበው ጭቃ ይጠብቀዋል። የዘንገና ሐይቅ እሳተ ገሞራ በፈጠረው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ነው፤ አካባቢው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አገር ነው፣ ስለታሙ ጥቁር ድንጋይ ደግሞ የጎማ ጎን ይቆርጣል። ወደ ጃዊ ከወረዳችሁ ደግሞ የቆላው ሙቀት አለ። አንድ ጎማ ይህን ሁሉ እንዲችል ነው የምንጠይቀው።

ታዲያ የትኛውን እንግዛ? ለፒክአፕ የሚሸጡ ጎማዎች በሦስት ይከፈላሉ። «ኤች ቲ» የሚባለው ለአስፋልት የተሠራ ነው፤ ጸጥ ያለ፣ ነዳጅ የማያባክን፣ እርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ ጥሩ የሚይዝ። «ኤም ቲ» የጭቃ ጎማ ነው፤ ጥርሱ ትላልቅ፣ ክፍተቱ ሰፊ፣ ጭቃውን እየወረወረ የሚወጣ። ግን አስፋልት ላይ ያጓራል፣ ቶሎ ያልቃል፣ ዝናብ የመታው አስፋልት ላይ ደግሞ ለመቆም ረጅም ርቀት ይፈልጋል። «ኤ ቲ» በሁለቱ መሃል ያለ፣ ለሁሉም መንገድ የሚባለው ነው።

ልጆች የጭቃ ጎማ የሚወዱት መኪናውን ጀግና ስለሚያስመስለው ነው። እውነት ለመናገር ያምራል። ግን ሒሳቡን ሥሩ። ከዳንግላ ባሕር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው። በሳምንት ሦስቴ የምትመላለሱ ከሆነ ወደ 480 ኪሎ ሜትር አስፋልት ነዳችሁ፤ ጭቃው ምናልባት አሥር ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ለአሥሩ ብላችሁ 480ውን በሚንሸራተት ጎማ አትንዱ። በተቃራኒው ሥራችሁ ከገጠር ድንች ማውጣት ሆኖ ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ከሆናችሁ የአስፋልት ጎማ መሃል መንገድ ላይ ያስቀራችኋል። ዛሬ ደግሞ ሲመሽ ከከተማ ውጭ መኪና ተይዞ መቅረት ቀላል ነገር አይደለም። ከሁለቱም ለሚቀላቅል ሰው መልሱ ኤ ቲ ነው።

ቀጥሎ ልክ። የሹፌሩን በር ክፈቱና የበሩ ምሰሶ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። የጎማውን ልክና የንፋሱን መጠን ይነግራችኋል። ለምሳሌ «265/65 አር 17» ከሆነ፣ 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፣ 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ አንጻር በመቶኛ፣ 17 ደግሞ የቸርኬው ልክ በኢንች። «ትንሽ ከፍ ይበል» ብላችሁ 265/70 ብታስሩ መኪናው የሚነሳው 13 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በዚያ ላይ የፍጥነት መለኪያችሁ ይሳሳታል፤ እናንተ በ100 እየሄዳችሁ ሲመስላችሁ ከ103 በላይ ትሄዳላችሁ። መሪ ሲጠመዘዝ ጎማው አካል እንዳይነካም መታየት አለበት።

ከልኩ ቀጥሎ ያለችው ቁጥር ደግሞ ችላ የምትባለው ናት። «112» ካለ አንዱ ጎማ በትክክለኛው ንፋስ 1,120 ኪሎ ይሸከማል፤ «108» ካለ 1,000 ኪሎ። አሥር ኩንታል ድንች አንድ ቶን ነው፣ አብዛኛው ክብደት የሚያርፈውም ኋላ ጎማ ላይ ነው። ረከሰ ተብሎ ከመኪናው ወረቀት ያነሰ ቁጥር ያለው ጎማ መግዛት ቆይቶ መንገድ ላይ መከፈሉ አይቀርም።

ጎማ የሚገዛው በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብር ያጣው አቅም ጎማ ቤት ድረስ ይመጣል። አራቱን በአንዴ መግዛት ያልቻለ ሁለት ቢገዛ አይፈረድበትም። ግን አዲሶቹን የት ያስራቸው? ብዙ ሰው ፊት ያስራል። የጎማ አምራቾች የሚመክሩት ኋላ ነው። ምክንያቱም ፊት ጎማ ሲንሸራተት መሪው ላይ ይሰማችኋል፣ እግራችሁን ከነዳጅ ታነሳላችሁ። ኋላው ሲንሸራተት ግን ሳታውቁት መኪናው ዞሮ ይጠብቃችኋል፤ ባዶ ፒክአፕ ደግሞ ኋላው ቀላል ነው። የሚገዙት ሁለቱ ከቀሩት ጋር በልክም በዓይነትም አንድ ይሁኑ። ስኮርታውንም አትርሱት፤ ዓመታት ከመኪናው ሥር ተንጠልጥሎ የቆየ ስኮርታ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ሊያረጅ ይችላል።

አሮጌው መቼ ይቀየር ለሚለው፣ በጥርሶቹ መካከል ባለው ጎድጓዳ መስመር ውስጥ ትንንሽ ከፍ ያሉ ላስቲኮች አሉ። ጥርሱ አልቆ ከእነሱ እኩል ከሆነ 1.6 ሚሊ ሜትር ቀርቶታል፣ ማለትም አልቋል። ለእንጅባራ ክረምት ግን ያ ዘግይቷል፤ 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ብታስቡበት ይሻላል።

የመጨረሻው ነፃ ነው ማለት ይቻላል፦ ንፋስ። የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነው። የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የጎማው ንፋስ በአንድ ወይም ሁለት «ፒ ኤስ አይ» ይጨምራል። ከእንጅባራ ብርድ ተነስታችሁ ጃዊ ቀትር ላይ ስትደርሱ ቁጥሩ ከፍ ቢል አትደንግጡ፣ አታስተንፍሱም። ካስተነፈሳችሁት ሲቀዘቅዝ ያንሳል፤ ንፋስ ያነሰው ጎማ ደግሞ ጭነት ሲበዛበት ጎኑ ይግላል፣ የሚፈነዳውም እሱ ነው።

ጎሚስታው ጋ ስትሄዱ እንግዲህ ስልካችሁ ላይ ሁለት ፎቶ ይኑር፦ የበሩ ወረቀትና የሚታሰረው ጎማ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር። መጀመሪያ ከመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ላይ ሰባት ወይም ስምንት ቀንሱ፣ ከዚያ በዋጋው ተከራከሩ።