የደም ዓይነትና የወባ በሽታ

መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያባራ ከቡሬ ወደ ዓባይ በረሃ ለሥራ የወረደ ሰው ሁሉ ታሞ አይመለስም። በአንድ ጎጆ ካደሩት መካከል አንዱ በወባ ሲንቀጠቀጥ ሌላው በደኅና ሥራውን ይሠራል። ይህን ያየ ሰው «የእሱን ደም ወባ አይወደውም» ይላል። አነጋገሩ ከእውነት ፈጽሞ የራቀ አይደለም፤ ነገር ግን ብዙ ሰው የሚያስበውን ያህል ቀላል ስላልሆነ ለአንባቢዎች በጥቂቱ እንገልጻለን።

ካርል ላንድስታይነር የተባለው የኦስትሪያ ሊቅ የሰው ደም ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑን የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1901 ነው። ኤ፣ ቢ፣ ኤቢና ኦ የምንለው አከፋፈል የመጣው ከዚያ ነው። ልዩነቱ በቀይ የደም ሕዋሳት ገጽ ላይ ያሉት፣ ከእናትና ከአባት የሚወረሱት ጥቃቅን ምልክቶች ናቸው። እነዚህን ምልክቶች ሐኪም ደም ሲሰጥ ይመለከታቸዋል፤ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንም ሰውነት ውስጥ ለመግባት ይጠቀሙባቸዋል። በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ 19 ወረርሽኝ ጊዜ በኢጣሊያና በስፔን የተደረገ ጥናት፣ ዓይነት ኤ ደም ያላቸው ሰዎች መተንፈስ እስኪያቅታቸው ድረስ የመታመም ዕድላቸው ከሌላው ከፍ ያለ፣ የኦዎቹ ደግሞ ዝቅ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ሆኖም ይህ የዕድል መብለጥና ማነስ እንጂ ጋሻ አይደለም።

ወባ ከቫይረስ የሚመጣ አይደለም፤ ፕላስሞዲየም የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ያመጣዋል። ይሁን እንጂ የደም ዓይነት ነገር እንደ ወባ በግልጽ የታየበት በሽታ ጥቂት ነው። በአገራችን በብዛት የሚገኙት ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ቶሎ የሚገድለው ፋልሲፓረምና በጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ የሚያገረሸው ቫይቫክስ። ቫይቫክስ ወደ ቀይ የደም ሕዋስ የሚገባበት በር ዳፊ የሚባል ምልክት ነው። ስያሜው እ.ኤ.አ. በ1950 በእንግሊዝ አገር ምልክቱ ከታወቀበት በሽተኛ ስም የተወሰደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካዊው ሉዊስ ሚለርና ጓደኞቹ እንዳስረዱት፣ ቫይቫክስ ባለባቸው ትንኞች ከተነደፉት 17 ሰዎች መካከል ሳይያዙ የቀሩት 5ቱ ብቻ ሲሆኑ፣ አምስቱም የዳፊ ምልክት የሌላቸው ነበሩ። በምዕራብ አፍሪካ ይህ ምልክት ያለው ሰው እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ቫይቫክስም በዚያ ብርቅ ነው።

የኢትዮጵያ ሁኔታ ግን ከዚህ ይለያል። ዳፊ ያለውና የሌለው ሰው ተቀላቅሎ፣ ምናልባትም በአንድ ቤት፣ ስለሚኖር ቫይቫክስ ማደሪያ አያጣም። የሚያስገርመው ደግሞ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ የዳፊ ምልክት በሌላቸው ኢትዮጵያውያን ደም ውስጥም መገኘቱ ነው። ተሕዋሱ በሩ ቢዘጋበት ሌላ መግቢያ ሳያበጅ አልቀረም፤ ሊቃውንትም እስከ ዛሬ ይህን ይመረምራሉ።

ፋልሲፓረምስ? እርሱ የዳፊን በር አይፈልግም። የኦ ደም ሕዋሳት እርስ በርሳቸው መጣበቅ ስለማይቀናቸው ደቃቅ የደም ሥሮች በቀላሉ አይደፈኑም፤ ስለዚህ ኦ የሆነ ሰው በበሽታው ቢያዝም እጅግ የመጽናቱ ዕድል ይቀንስለታል። ከመያዝ ግን አያድነውም። ከ1950 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአገራችን ከፍተኛ ቦታዎች በተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። ለዚህ ሁሉ እልቂት ትልቁ ምክንያት የደም ዓይነት ሳይሆን የደገኛው ሰውነት ወባን አለመልመዱ ነበር።

የደም ዓይነቱን የሚያውቅ ሰው የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ኤ፣ ቢ፣ ኦና አርኤች የሚባለውን ብቻ ነው። የዳፊ ምርመራ በተራ የጤና ጣቢያ አይደረግም፤ ስለዚህ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ገበያ «የእኔ ደም ወባን አያስገባም» የሚል ሰው የሚናገረው በግምት ነው። ከበረሃ በደኅና የተመለሰውም ቢሆን፣ ቫይቫክስ በጉበቱ ተኝቶ ከሆነ፣ ሌላ ትንኝ ሳይነድፈው ለጥምቀት ሊያተኩሰው ይችላል። የጉበቱን ተሕዋስ የሚያጠፋው መድኃኒት ደም ውስጥ ያለውን ከሚያጠፋው የተለየ ነው፤ የትኛው ወባ እንደ ሆነ የሚታወቀውም ከጣት በተወሰደች አንዲት ጠብታ ደም ነው።