የለመደ ሕፃን እንደገና ልብሱን ሲያረጥብ



ፖፖ የለመደ የሦስት ዓመት ልጅ እንደገና ልብሱን ሲያረጥብ ብዙዎች እልኸኝነት ይሉታል። ነገር ግን ሽንትን መቆጣጠር በቅርብ የተገኘ ችሎታ በመሆኑ በጭንቀት ጊዜ ቀድሞ የሚላላው እርሱ ነው። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተይዛ በቆየችበት ወቅት እንደሆነው፣ ከቤቱ የተፈናቀለ ልጅ ፖፖውም፣ ሰዓቱም፣ ደጁም በአንድ ቀን ይጠፉበታል።

ምክንያቱ አካላዊም ሊሆን ይችላል፤ በድርቀት የተጠራቀመ ሰገራ ፊኛን ይጫናል። ሲሸና የሚያመው ወይም የሚያተኩሰው ልጅ አስቀድሞ ይመርመር።

ዱላ ልጁ ሰገራውን እንዲይዝ ያደርገዋል፤ መያዙም ድርቀቱን ያባብሳል። ይልቅስ ልብሱን ያለ ነቀፌታ መለወጥ፣ ከምግብ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ፖፖ ላይ ማስቀመጥ፣ ሲሳካለትም ማመስገን ይገባል። ልምዱ የሚመለሰው ልጁ ሲረጋጋ ነውና።