የክረምት ጓሮ በሽንዲና በአካባቢዋ

«የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» እያሉ አዲሱን ዓመት መቀበል የቆየ ልማድ ነው። በልጅነታችን ይህን ስንሰማ ጎመን አንዳች ጥፋት ሠርቶ ከቤት የሚባረር ይመስለን ነበር። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ሐምሌና ነሐሴ የዓምናው እህል የሚያልቅበት፣ የዘንድሮው ደግሞ ገና ማሳ ላይ ያለበት ጊዜ ነው። ጎተራው ሲጎድል ቤተሰቡን ደግፎ የሚያከርመው ያው የሚባረረው የጎመን ምንቸት ነው። በዚያ ላይ የሰኔው ጾም አለ፤ እሱ ወጣ ሲሉት ፍልሰታ ነሐሴ 1 ቀን ይገባል። ወተቱም ቅቤውም በማይነካበት በዚህ ወቅት ጓሮው ባዶ ከሆነ እንጀራው በምን ሊበላ ነው?

እኛ ከሽንዲና ከዙሪያዋ የመጣን ሠልጣኞች ስለ ክረምት ጓሮ ለመጻፍ የተነሣሣነው በዚህ ምክንያት ነው። ሽንዲ የወምበርማ ወረዳ ከተማ ስትሆን፣ አገሩ የበርበሬ፣ የበቆሎና የዳጉሳ አገር ነው። ገበሬያችን በማሳ ሥራ አይታማም። ጓሮው ግን በብዙ ቤት ለእናቶች ብቻ የተተወ ነው። «የሴት ሥራ ነው» የሚሉ ወንዶች ከእኛም መካከል አሉ። ታዲያ ጎመኑ በቀረበ ጊዜ ቀድመው እጃቸውን የሚታጠቡት እነሱው ናቸው!

የክረምት ጓሮ ከበጋው ጓሮ የሚለየው በአንድ ዋና ነገር ነው። በበጋ የሚያስቸግረው የውኃ እጥረት ሲሆን በክረምት የሚያስቸግረው የውኃ ብዛት ነው። የተክል ሥር እንደ እኛው ይተነፍሳል። በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት በውኃ ሲሞላ አየሩ ይወጣል፤ አየር ያጣ ሥር ደግሞ ታፍኖ ይበሰብሳል። በርበሬ ያለማ ሰው ይህን በሚገባ ያውቀዋል። ትናንት አረንጓዴ ሆኖ የታየው ተክል፣ ውኃ በተኛበት ቦታ ላይ ከሆነ፣ በማግሥቱ በቆመበት ጠውልጎ ይገኛል። ብዙ ሰው «ምች መታው» ይላል። በሽታው ግን የሚጀምረው ከላይ አይደለም፤ ከታች፣ እርጥበት በተጠራቀመበት አፈር ውስጥ በሚራባ ሻጋታ ነው።

ስለዚህ ከዘሩ በፊት መደቡ ይታሰብ። ስፋቱ አንድ ሜትር፣ ከፍታው ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን መልካም ነው፤ ርዝመቱ ቦታው እንደፈቀደ ነው። አንድ ሜትር መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ከግራም ሆነ ከቀኝ ሆነው እጅ ቢዘረጉ መካከሉ ስለሚደረስ መደቡን መርገጥ አያስፈልግም። እርጥብ አፈር አንዴ ከተረገጠ እንደ ጡብ ይጠቀጠቃል፤ ያን ጊዜ አየሩም ውኃውም መተላለፊያ ያጣሉ። በሁለት መደቦች መካከል ግማሽ ሜትር ያህል ቦታ ይተዋል፤ ይኸው መሄጃም ቦይም ሆኖ ያገለግላል። ቦታው ተዳፋት ከሆነ መደቡ ዳገቱን አቋርጦ ይሠራ፤ ቁልቁል ከተሠራ ጎርፉ አፈሩን ከነፍጉ ጠርጎ ይወስደዋል። የቆርቆሮ ጣራ ጠፈጠፍ የሚያርፍበት ቦታማ ጨርሶ አይሆንም፤ ቡቃያውን ነቅሎ ይጥለዋል።

አፈራችን በአብዛኛው ቀይ ነው። ለዘመናት የወረደው ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን እያጠበ ስለወሰደው በብዙ ቦታ አሲዳማ ሆኗል። በምዕራብ ጎጃም ማሳዎች ላይ የእርሻ ኖራ የሚበተነው ይህንኑ ለማረም ነው። ለጓሮ የሚሆነው ግን ቤታችን ውስጥ አለ፤ የምድጃ አመድ። ስስ አድርጎ በትኖ ከአፈሩ ጋር ማዋሐድ ነው፤ የአፈሩን አሲድ ይቀንሳል፣ ፖታሺየምም ይጨምራል። ሆኖም አመዱንና ፍጉን አንድ ላይ መከመር አይገባም። ሁለቱ ሲገናኙ በፍጉ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን አሞኒያ የተባለ ጋዝ ሆኖ ይተናል፤ የሚሸተተን ያ የሚያስነጥሰው ሽታ የጠፋ ማዳበሪያ ነው ማለት ነው። ከበረት የወጣ ትኩስ ፍግም ለተክል አይሰጥም። ቢያንስ ሦስት ወር ተከምሮ ይብላላ። አለዚያ ሥሩን ያቃጥላል፣ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል።

አሁን ወደ ጊዜው እንምጣ። ለእኛ ለሠልጣኞች ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ጓሮ የሚጀመረው ግንቦት ላይ ነው፤ እኛ ደግሞ ግንቦትን የምናሳልፈው ደብተር ላይ ተደፍተን ነው። ሐምሌ ላይ ቤት ስንገባ ዝናቡ ጠንክሮ፣ አፈሩ ጨቅይቶ ይጠብቀናል። እንግዲህ መላው ቤት ላሉት ታናናሾቻችን ስልክ መደወል ነው። አንዲት የችግኝ መደብ ቆፍሮ ዘር መበተን ለ12 ዓመት ልጅ የሚከብድ ሥራ አይደለም። የጎመን ዘር ደቃቅ ስለሆነ አንዱ ቁንጥር ከአንድ እፍኝ ደረቅ አሸዋ ጋር ተቀላቅሎ ቢበተን እኩል ይዳረሳል። ከላይ ሣር ይለብሳል፤ ቡቃያው ብቅ ሲል ሣሩ ተነሥቶ በአጫጭር ባላ ላይ እንደ ዳስ ይደረጋል። የክረምት ጠብታ ለቡቃያ እንደ ጠጠር ነውና። ከአንድ ወር በኋላ አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ፣ ፀሐይ በሌለበት ከሰዓት በኋላ ወደ ዋናው መደብ ይዛወራል። በአንዱና በሌላው ችግኝ መካከል 30 ሳንቲ ሜትር፣ በመስመሮቹ መካከል ደግሞ 50 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል።

የሐበሻ ጎመን ከተነሣ ለመምህር የሚጠቅም አንድ ነገር እናክል። ኡ ናጋሃሩ የተባለ በጃፓን ይሠራ የነበረ የዕፅዋት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1935 ባወጣው ጽሑፍ የጎመን ወገኖችን ዝምድና በክሮሞዞማቸው ቁጥር አስረዳ። ጥቁር ሰናፍጭ 8 ጥንድ ክሮሞዞም አለው፤ ጥቅል ጎመን 9 ጥንድ፤ የእኛው የሐበሻ ጎመን ደግሞ 17 ጥንድ። 8 እና 9 ስንት ነው? ይኸው ነው ምስጢሩ። ጎመናችን የሰናፍጭና የጥቅል ጎመን ወገኖች በተፈጥሮ ተዳቅለው፣ የሁለቱንም ውርስ ሳያጎድል ይዞ የተገኘ ተክል ነው። መምህሩ ከጓሮው አንድ ቅጠል ቀጥፎ ክፍል ቢገባ ሒሳቡንም ሳይንሱንም በአንድ ጊዜ ያስተምርበታል። ሥዕል ፍለጋ መድከም የለበትም።

ጎመን የሚቀጠፈው ከታች ወደ ላይ ነው፤ ጫፉ አይነካም። እንዲህ ከተያዘ አንድ እግር ጎመን ክረምቱን ሙሉ ይሰጣል። ጥቅሙም ሆድ መሙላት ብቻ አይደለም። ማታ ማታ ዓይኑ አልይ የሚለው፣ ዳፍንት የያዘው ልጅ ከሚያጣቸው ነገሮች ዋናው ቫይታሚን ኤ ነው። አረንጓዴ ጎመንም ሆነ ውስጡ ቢጫ የሆነ ዱባ፣ ሰውነታችን ወደዚህ ቫይታሚን የሚለውጠውን ንጥረ ነገር በብዛት ይዘዋል። ንጥረ ነገሩ በደንብ የሚዋጠው ግን ቅባት ሲያገኝ ነው። ስለዚህ በጾሙ ወቅት ጥቂት የኑግ ዘይት ጠብ ማድረግ ቅንጦት አይደለም። ቃሪያ ቢጨመርበት ደግሞ በቃሪያው ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ የጎመኑን ብረት ሰውነታችን እንዲቀበለው ያግዛል። እናቶቻችን ጎመንን በቃሪያ ማቅረባቸው ለካ ትልቅ ጥበብ ኖሯል! ከዚህ ተቋም ወጥተን የምንቀበላቸው ልጆች ሰሌዳውን ማየት አለማየታቸው በምሳቸውም ይወሰናል።

ድንች ሌላው የክረምት ባለሟል ነው። ወደ አገራችን ያስገባው ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1858 እንደሆነ ይጻፋል። ሕዝቡ እየለመደው የመጣው ግን በ1880ዎቹ ዓ.ም. ከደረሰው ክፉ ቀን ወዲህ ነው። የድንች ጠላቱ ቅጠሉን እንደ ተቃጠለ አድርጎ የሚያጠቁረው በሽታ ነው፤ ብርድና እርጥበት ሲገናኙ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጓሮውን ያዳርሳል። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ በአየርላንድ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ለጨረሰው ረሃብ መነሻው ይኸው በሽታ ነበር፤ ሕዝቡ ኑሮውን በአንድ ተክል ላይ ጥሎ ነበርና። እንግዲያው ጓሮውን በሙሉ ለድንች መስጠት አይበጅም። እንደ ጉደኔና በለጠ ያሉት ዝርያዎች የወጡት ይህንን በሽታ እንዲቋቋሙ ታስቦ ነው፤ ዘሩ ከተገኘ እነሱን መምረጥ ነው። ቅጠሉ መጥቆር ከጀመረ ግንዱን አጭዶ ከጓሮ ማራቅና ሁለት ሳምንት ያህል ሳይቆፍሩ መቆየት ያስፈልጋል፤ ቆዳው ይጠነክራል፣ በሽታውም ወደ ድንቹ አይጋባም። አፈር ማልበሱም ሁለት ጊዜ ይሁን። ፀሐይ አይቶ የጎመዘዘ አረንጓዴ ድንች መርዝ ስላለው አይበላም።

ስለ ዱባ በየክረምቱ የምንሰማው አንድ ሮሮ አለ፤ «አበበ አበበና ሳያፈራ ቀረ» ይባላል። ዱባ ወንዴና ሴቴ አበባውን በአንድ ሐረግ ላይ ለየብቻ ያወጣል። የሴቴዋ ሥር ትንሽ ዱባ የመሰለች እብጠት ስላለች በቀላሉ ትለያለች። ብናኙን ከአንዱ ወደ ሌላው የምታደርሰው ንብ ናት፤ ንብ ደግሞ በዝናብ ከቀፎዋ አትወጣም። እንግዲህ የንቧን ሥራ እኛው መሥራት ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወንዴውን አበባ ቀጥፎ፣ ቅጠሎቹን ገንጥሎ፣ በሴቴዋ መካከል ቀስ አድርጎ ማሸት ይበቃል። ልጆች ይህን ሥራ ሲወዱት!

ቆስጣ፣ ካሮትና ቀይ ሥር ከፍ ባለ መደብ ላይ ከተዘሩ ብዙ አያስቸግሩም። ነጭ ሽንኩርት ሰኔ ላይ፣ ሹሉ ጫፍ ወደ ላይ ሆኖ ይተከላል። ቲማቲምንና ቀይ ሽንኩርትን ግን ለበጋው መስኖ ብንተዋቸው ይሻላል፤ ሜዳ ላይ የተተከለ የክረምት ቲማቲም ድካም ነው ትርፉ። ቀንድ አውጣ ሲበዛ አመሻሹ ላይ በእጅ መልቀም ነው እንጂ ሌላ ብልሃት መፈለግ አያሻም። ከተክሉ ሥር ገለባ ማንጠፍም ጥሩ ነው፤ ዝናቡ ጭቃ ወደ ቅጠሉ እንዳይረጭ ይከላከላል፤ አብዛኛው በሽታ የሚወጣው በዚያ ጭቃ ነውና።

ለቅመማ ቅመሙ የመደቡ ጠርዝ ይበቃዋል። በሶብላ ዝናብ ሲጀምር ተዘርቶ አበባው ሲያዝ ይቆረጥና ይደርቃል፤ የሽንዲ በርበሬ ያለ እሱ ምን ይሆናል? ኮሰረትም በቁራጭ ይይዛል፤ ቅቤ ሲነጠር ዋጋው ይታወቃል። ጤና አዳም ለቡናው ይፈለጋል፤ ውኃ የተኛበትን ቦታ ግን አይወድም። ነፍሰ ጡር ሴት እንደ መድኃኒት ጨምቃ እንዳትጠጣው መንገር ይገባል፤ ይጎዳታል። ጠጅ ሣር ከእናቱ እየተገነጠለ በጠርዙ ቢተከል አፈሩን ይይዛል፣ ቄጠማ ሲጎዘጎዝም ከመካከሉ ገብቶ ቤቱን ያሸተዋል።

አበባ ሲነሣ «አይበላ!» የሚሉ አሉ። አይበላም፤ ግን ንብ ይጠራል። ለጽጌረዳ ደግሞ ከክረምት የተሻለ ጊዜ የለም። 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁራጭ ወስዶ ግማሹን ቀበር ማድረግ ነው፤ ከአየሩ እርጥበት የተነሣ ውኃ ሳያጠጡት ሥር ይሰዳል። አደይ አበባን ግን ማንም አይዘራውም። ከአጥሩ ሥር አንድ ክንድ መሬት ሳይታረም ይተውለት፤ መስከረም ሲጠባ ራሱ ብቅ ይላል።

ጎመኑ መስከረም ላይ አያበቃም። ጠንከር ያሉት ስድስት ያህል እግሮች ሳይቀጠፉ ለዘር ይተዋሉ። ቢጫ አበባ አውጥተው ፍሬው ሲደርቅ ከነግንዳቸው ተቆርጠው በጨርቅ ላይ ይወቃሉ። ዘሩ በጥላ ውስጥ ይደርቅና በጨርቅ ተቋጥሮ ከምድጃው በላይ፣ ጭስ በሚነካው ቦታ ይሰቀላል፤ እርጥበትም ተባይም አይደፍረውም። ግንቦት ላይ ስልክ ስንደውል ታናሽ እኅታችን ዘሩ የት እንዳለ አትጠይቀንም።