ወንበሩ ያልሆነለት ሠራተኛ

በየመሥሪያ ቤቱ «የማይሆን ሰው» ሲባል ቶሎ የሚታየን ሰነፉ ወይም አርፋጁ ነው። እኔ ግን በሰው ኃይል አስተዳደር ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ይበልጥ ያሳሰበኝ ሌላው ዓይነት ነው፤ ትምህርቱ የተሟላ፣ ጠባዩ የማይነቀፍ፣ የተቀመጠበት ወንበር ግን የእርሱ ያልሆነ።

አንድ ምሳሌ ላንሳ። በሠራሁበት ድርጅት በሒሳብ አያያዝ የተመረቀ ወጣት ደንበኞች የሚስተናገዱበት መስኮት ላይ ተመደበ። ቁጥር አይስትም፤ ሰው ማነጋገር ግን ይጨንቀዋል። ደንበኞች ይህን ለማወቅ ሳምንት አልፈጀባቸውም። እርሱ ባዶ መስኮት ላይ ተቀምጦ ከጎኑ ያለችው ባልደረባው ዘንድ ይሰለፋሉ። ደመወዛቸው እኩል ነው። በሦስተኛው ወር «ለማን ብዬ?» ማለት ጀመረች፤ በስድስተኛው መልቀቂያ አስገባች። እርሱ ወደ ሒሳብ ክፍል የተዛወረው ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ እዚያ ጎበዝ ሠራተኛ ወጣው።

ጉዳቱ የሚዛመተው እንዲህ ነው። ያልተሠራው ሥራ ወደ ብርቱው ጠረጴዛ ይሄዳል። ብርቱው የትጋቱ ዋጋ ተጨማሪ ሸክም ብቻ መሆኑን ሲያይ እጁን ይሰበስባል፤ ሌላ ቦታ የሚፈለገውም እርሱ ስለሆነ ቀድሞ ይወጣል። አዲስ ገቢው ደግሞ የቀሩትን አይቶ የቤቱን ወግ ይማራል። ዊል ፌልፕስ የተባለ ተመራማሪ በአሜሪካ በተማሪዎች ቡድን ውስጥ ሰነፍ፣ ተሳዳቢ ወይም ተስፋ የቆረጠ መስሎ የሚተውን ሰው አስገብቶ ሞክሮ ነበር። የእነዚህ ቡድኖች ውጤት ከሌሎቹ ከ30 እስከ 40 በመቶ አነሰ። እኔን የገረመኝ ግን ሌሎቹ አባላት የሰውየውን ጠባይ መቅዳታቸው ነው።

ሕጋችን ለዚህ ጊዜ ሰጥቷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የሙከራ ጊዜን ጣሪያ ከ45 ተከታታይ ቀናት ወደ 60 የሥራ ቀናት ከፍ አድርጎታል። በዚህ ጊዜ ተስማሚ ሆኖ ያልተገኘን ሠራተኛ አሠሪው ያለማስጠንቀቂያ፣ የሥራ ስንብት ክፍያና ካሳ ሳይከፍል ማሰናበት ይችላል፤ ሠራተኛውም ያለማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል።

የማውቃቸው አለቆች ግን የምዘናው ቅጽ በመጨረሻው ሳምንት ሲደርሳቸው «ጥሩ ነው» ብለው ይፈርማሉ። ይሉኝታ ነው፤ አንዳንዴም ያስቀጠረውን ሰው መፍራት። ቅጹ በ30ኛው ቀን ቢመጣ፣ አጠገቡ የሚሠሩትም «ከእርሱ የተረፈውን ሥራ የሚጨርሰው ማነው?» ተብለው ቢጠየቁ፣ ከማሰናበት በፊት ለማዛወር ሌላ 30 የሥራ ቀን ይቀራል።