ዳይፐሩ ሥር ምን ይካሄዳል?

አንድ ያልተነካ ዳይፐር ከሕፃኑ ራቅ ብላችሁ በመቀስ ብትተረትሩት ከጥጥ መሰሉ ሙሌት ውስጥ ጨው የመሰለ ነጭ ፍርፋሪ ይራገፋል። አንድ የሻይ ማንኪያ ያህሉን ብርጭቆ ውስጥ ጨምሩና ግማሽ ብርጭቆ ውሃ አፍስሱበት። ጥቂት ቆይቶ ብርጭቆው ቢደፋ እንኳ ጠብ የሚል የለም፤ ውሃው ረግቶ ተይዟል። ፍርፋሪው ሶዲየም ፖሊአክሪሌት ይባላል። ንጹሕ ውሃ ሲያገኝ የክብደቱን መቶዎች እጥፍ ይመጥጣል፤ ሽንት ግን ጨው ስላለበት የሚይዘው መጠን በብዙ ይቀንሳል።

እንዲህ ያለ መጣጭ ታጥቆ የሚውል ሕፃን ታዲያ መቀመጫው ለምን ይላጣል? ነገሩ የሽንት ብዛት ብቻ አይደለም። ቆዳውን የሚጎዳው በዋናነት ሽንትና ሰገራ ሲገናኙ የሚፈጠረው ነው።

የተላጠ መቀመጫ ከዳይፐር በፊትም ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ እናቶች ሕፃኑን ጨርቅ ካስታጠቁ በኋላ አልጋው እንዳይረጥብ ከላይ የጎማ ሱሪ ያጠልቁለት ነበር። ጎማው እርጥበቱን ቢያግድም አየር አያስገባም፤ የታፈነው ገላ ይቆጣል። ሜሪየን ዶኖቫን የተባለች እናት የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ ቀድዳ በስፌት መኪናዋ ሌላ ዓይነት መሸፈኛ ወደ መሥራት የገባችው ይህን አይታ ነው። ኋላ በናይሎን ያሻሻለችው «ቦተር» እ.ኤ.አ. በ1949 ኒው ዮርክ በሚገኘው ሳክስ ፊፍዝ አቬኑ መደብር ለሽያጭ ቀረበ፤ የፈጠራ መብቱንም በ1951 አገኘች። ተጠቅመው የሚጥሉት ፓምፐርስ በ1961 ገበያ ሲወጣ፣ ነጩ ፍርፋሪ ወደ ዳይፐር በስፋት የገባው በ1980ዎቹ ነው። ከዚያ ወዲህ ዳይፐሩ ቀጠነ፤ ከቆዳው ጋር የሚነካካው ገጽም ደረቅ ሆነ።

ጥፋቱ ለረጅም ጊዜ የተጣለው በአሞኒያ ላይ ነበር። በ1921 ኩክ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ዩሪያን ወደ አሞኒያ የሚቀይር ባክቴሪያ በሕፃናት ሰገራ ውስጥ አገኘ። ጠዋት ዳይፐር ሲፈታ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ሽታም ሐሳቡን አሳማኝ አደረገው። በ1980ዎቹ አጋማሽ የወጡ ጥናቶች ግን አሞኒያ ባልተጎዳ ቆዳ ላይ ብቻውን ይህን ያህል ጉዳት እንደማያደርስ አሳዩ። ሰገራ ውስጥ ፕሮቲንና ቅባት የሚፈጩ ኢንዛይሞች አሉ፤ የቆዳችን የላይኛው ሽፋን ደግሞ የተሠራው ከእነዚሁ ከፕሮቲንና ከቅባት ነው። ጤነኛ ቆዳ ፒኤቹ 5.5 ገደማ ሆኖ ትንሽ አሲድነት ስላለው ኢንዛይሞቹ ይዳከማሉ። ከሽንቱ አሞኒያ ሲፈጠር ፒኤቹ ከፍ ይልና ኢንዛይሞቹ ሥራቸውን ይጀምራሉ። በእርጥበት የራሰውን ቆዳ ደግሞ የዳይፐሩ ፍትጊያ በቀላሉ ይልጠዋል።

ችግሩ ተቅማጥ በያዘው ሰሞን የሚብሰውና ብዙውን ጊዜ ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ዕድሜ የሚበረታው ለዚህ ነው። ተጨማሪ ምግብ ሲጀመር ሰገራው ይለወጣል። ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ሰገራው ፒኤቹ ዝቅ ያለ በመሆኑ ቆዳውን ያን ያህል አያስቆጣም።

ከማከም በፊት ሽፍታው የት እንደወጣ ማየት ይጠቅማል። ተራው የዳይፐር ሽፍታ የሚወጣው ዳይፐሩ በሚነካው ገጽ ላይ፣ ማለትም መቀመጫው፣ የታችኛው ሆድና የጭኑ ውስጠኛ ክፍል ላይ ነው፤ የብሽሽቱ እጥፋት ብዙ ጊዜ ይተርፋል። እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ ደማቅ ከሆነና በዙሪያው ትንንሽ ነጠላ ነጠብጣቦች ከበተነ ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ ሳይገባበት አይቀርም፤ በተለይ ሕፃኑ በቅርቡ አንቲባዮቲክ ወስዶ ከሆነ። በጠይምና በጥቁር ገላ ላይ ቅላቱ ጎልቶ ላይታይ ይችላል፤ ቦታው ወይን ጠጅ ወይም ከሌላው ጠቆር ያለ ይሆናል። ስለዚህ ከቀለሙ በተጨማሪ ሙቀቱንና ሻካራነቱን በእጅ ዳስሱ።

ተራውን ሽፍታ የሚያድነው በአብዛኛው እርጥበቱን ማስወገድ ነው። ካካ ካለ ወዲያው፣ ሽንት ብቻ ከሆነ ደግሞ በየ2 ወይም 3 ሰዓቱ ዳይፐሩ ይቀየር። ቆዳው ተልጦ ከሆነ ሽቶና አልኮል ካለበት እርጥብ ሶፍት ይልቅ ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ጨርቅ ይሻላል። ሴት ልጅ ከፊት ወደ ኋላ ትጠረግ። ካጠባችሁ በኋላ አትሹት፤ ፎጣውን ጫን ጫን እያደረጋችሁ አድርቁና ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ያለ ዳይፐር ጨርቅ ላይ አስተኙት።

ከዚያ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ቅባት ወይም ቫዝሊን ይቀባል። ቅባቱ በቆዳውና በእርጥበቱ መካከል የሚገባ መከለያ ስለሆነ ስስ አድርጎ መቀባት ጥቅም የለውም፤ ቆዳው እስከማይታይ ድረስ ይወፍር። በሚቀጥለው ቅያሬ ንጹሕ ሆኖ የቀረውን ዚንክ ፈትጋችሁ ለማስለቀቅ አትድከሙ። የቆሸሸውን ላይኛውን ብቻ ጥረጉና በላዩ ጨምሩ፤ ሙልጭ አድርጎ መፈተግ መዳን የጀመረውን ቆዳ መልሶ ይልጠዋል።

ፓውደር ይቅር፤ ብናኙ ወደ ሕፃኑ ሳንባ ይገባል። ፈንገስ ከሆነ ኒስታቲን ወይም ክሎትሪማዞል ያስፈልገዋል፤ ይህንንም ባለሙያ ቢያየው ጥሩ ነው። ጎረቤት «እኔን የጠቀመኝ» ብላ የምታቀብለው ቅባት ውስጥ ጠንካራ ስቴሮይድ ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል። ዳይፐር የሸፈነው ቆዳ መድኃኒትን ከሌላው ቦታ አብልጦ ወደ ሰውነት ስለሚያስገባ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዲህ ያለው ቅባት ለሕፃን አይቀባ።

ሽንት ጨርቅ የምትጠቀሙ ከሆነ ሳሙናው ጨርሶ እስኪለቅ ድረስ ደጋግማችሁ አለቅልቁት፤ የቀረ ሳሙና ራሱ ያስቆጣል። ፀሐይ ላይ በደንብ ይድረቅ፣ ከላይም አየር የማያስገባ ላስቲክ አይደረግበት። ጨርቁ እርጥበቱን እንደ ዳይፐሩ ስለማይይዝ ቶሎ ቶሎ መቀየር ይፈልጋል።

በዚህ ሁሉ እንክብካቤ በ3 ቀን ውስጥ ለውጥ ካላሳየ ሕፃኑን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ትኩሳት፣ መግል፣ ውሃ የቋጠረ ቁስል ወይም ደም ካለ ግን 3 ቀን አይጠበቅም። በአፍ ዙሪያም ተመሳሳይ ቁስል ወጥቶ ተቅማጥ ከጨመረ ሰውነቱ ዚንክ አንሶት ሊሆን ስለሚችል ለባለሙያው ንገሩት፤ ያን ጊዜ የሚያስፈልገው የሚዋጥ እንጂ የሚቀባ ዚንክ አይደለም።