አሮጌ ጥሬ ፎቶግራፎችን በአዲስ ሶፍትዌር እንደገና ስለ ማረም

በዲጂታል ካሜራ የተነሣ ፎቶግራፍ በሁለት ዓይነት ሊቀመጥ ይችላል። አንደኛው ካሜራው ራሱ ሠርቶና አሳንሶ የሚያስቀምጠው ጄፔግ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሮው ወይም ጥሬ ፋይል የሚባለው ነው። ጥሬው ገና ሥዕል አይደለም፤ ብርሃን ተቀባዩ ሰሌዳ በየነጥቡ ምን ያህል ብርሃን እንዳገኘ የሚያስረዳ የቁጥር መዝገብ ነው። በጄፔግ እያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ሲኖረው በ14 ቢት ጥሬ ፋይል 16,384 ይደርሳል።

በአብዛኞቹ ካሜራዎች አንዱ ነጥብ የሚመዘግበው አንድ ቀለም ብቻ ነው፤ ይኸውም ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ። ይህን አደራደር የፈጠረው የኮዳክ ተመራማሪ ብራይስ ቤየር ሲሆን በ1976 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ተሰጥቶታል። የጎደሉትን ሁለት ቀለሞች ከአጎራባች ነጥቦች አስልቶ የሚያሟላው ሶፍትዌሩ ነው። እንግዲህ ስሌቱ በተሻሻለ ቁጥር ከዚያው ከአሮጌው መዝገብ የተሻለ ሥዕል ሊወጣ ይችላል። ለምሳሌ የአዶቢ ላይትሩም ቀለም ማሟያውንና ነጠብጣብ ማጥሪያውን በ2010፣ የብርሃንና የጥላ አያያዙን በ2012 ለወጠ፤ በ2023 ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያጠራ ክፍል ተጨመረለት። እርማቱ በትእዛዝ መልክ ለብቻው ስለሚጻፍ ጥሬው አይነካም።

ለእኛ ለተማሪዎች ነገሩ የሚከብደው በብራና መጻሕፍት ፎቶግራፍ ላይ ነው። በጨለማ ቤት ያለ ፍላሽ የተነሣ ገጽ ነጠብጣብ ይበዛበታል። በግዕዝ «ንጉሥ» ባለቤት፣ «ንጉሠ» ተሳቢ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱን የምትለያቸው አንዲት ትንሽ ጭረት ናት። ሰው ሠራሹ አስተውሎት ከዚህ ቀደም በተማረባቸው ሥዕሎች እየተመራ ስለሚገምት፣ ጭረቷን እንደ ጉድፍ ሊጠርጋት፣ ወይም ያልነበረችውን አጥርቶ ሊያሳየን ይችላል። ከደበዘዘው ይልቅ የሚያስፈራው ይህ ጥራት ነው፤ የደበዘዘውን ሰው ይጠራጠረዋልና።

ስለዚህ የሚያከራክር ፊደል አስቀድሞ ነጠብጣቡ ሳይጠራ ቢነበብ ይሻላል እንላለን። ሁለቱ ሥዕሎች ጎን ለጎን ይታተሙ፤ ከሥራቸውም የሶፍትዌሩ ስምና የእትሙ ቁጥር ይጻፍ። የቀለም ሚዛኑን ማስተካከል ግን ፊደል ስለማይፈጥር ብዙ አያሳስብም። ብርሃን በዝቶ በሦስቱም ቀለም ሞልቶ የፈሰሰበትን ቦታ በተመለከተ፣ በመዝገቡ ውስጥ የቀረ ነገር ስለሌለ፣ እዚያ ላይ የሚታይ ማናቸውም ጽሕፈት የሶፍትዌሩ ነው እንጂ የጸሐፊው አይደለም።