እድር ለሞተ ሰው ብቻ ነውን?



ባለፈው የሙቀት ወራት፣ ካምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስ በሚነፍስበት ሰሞን፣ በካርቲየ 7 ቢስ አንዲት እናት አረፉ። በዚያው ዕለት ከየቤቱ ፍራንክ ተዋጣ፤ ከፈን ተገዛ፤ ሴቶች ቡና አፈሉ። አማርኛ የማያውቁ ሶማሌ ጎረቤት እንኳ በልጆቻቸው ሁለት ጀሪካን ውኃ አስይዘው መጡ። ይህን ሁሉ ያየ አንድ ተማሪ በማግስቱ፣ «ጋሼ፣ ታመው በተኙበት ወር ይህ ገንዘብ የት ነበረ?» ሲል ጠየቀኝ። ወዲያው መልስ አላገኘሁለትም። ይህን የጻፍኩት ለእሱ ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ እድር ምን እንደሆነ እንመልከት። እድር ጎረቤታሞች በሐዘን ጊዜ የሚረዳዱበት ማኅበር ነው። አባሉ ሁሉ በየወሩ መዋጮ ይከፍላል፤ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጣሉ። ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስትና ሳህን በጋራ ይገዛል። ሰው ሲሞት ጡሩንባ ነፊው በየሰፈሩ ዞሮ ይለፍፋል። ወንዶቹ ድንኳን ይተክላሉ፤ ሴቶቹ ንፍሮ ቀቅለው፣ እንጀራ ይዘው ሐዘንተኛውን ያጽናናሉ። ያለ ምክንያት የቀረ ይቀጣል። ከዕቁብ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው፤ የዕቁብ ገንዘብ በዕጣ ለሁሉም በተራ ሲደርስ፣ የእድር ገንዘብ ግን ችግር ለደረሰበት ይውላል።

እድር በከተማ የተስፋፋው ዘመዳቸውን ትተው በመጡ ሰዎች መካከል መሆኑን ልብ በሉ። በ20ኛው ምዕተ ዓመት ጉራጌዎችና ሌሎችም ከየገጠሩ አዲስ አበባ ሲገቡ የሚቀብራቸው ዘመድ በአጠገባቸው አልነበረም። ስለዚህ ጎረቤትን ዘመድ አደረጉ። በወሎ ይህ ማኅበር ቅሬ ይባላል፤ በብዙ ቦታም ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቅሬ ይቀባበራሉ። እንግዲህ የእኛ የስደተኞች ኑሮም ከዚያ ብዙ የራቀ አይደለም።

ታዲያ እድር ለሞት ብቻ ነውን? አይደለም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በኤድስ ምክንያት በአዲስ አበባ ቀብር ሲበዛ የእድሮች ገንዘብ እየሳሳ፣ ወላጅ አልባ ሕፃናትም እየበዙ ሄዱ። በዚህ ጊዜ አንዳንድ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው በሽተኛ መጠየቅና ወላጅ አልባ ልጆችን መርዳት ጀመሩ። ሰውን ከመቅበር በፊት ማስታመም እንደሚገባ የተረዱት በመከራ ነው።

እኛስ? ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 20 ቤተሰብ በወር 300 ፍራንክ ቢያዋጣ 6,000 ፍራንክ ይሆናል፤ በዓመት 72,000 ፍራንክ ማለት ነው። ይህ ገንዘብ ለመድኃኒት፣ ለመኪና ኪራይ፣ ለአራስ ምግብ ይደርሳል። ገንዘቡ በደብተር ይጻፍ፤ አንዱ ሲይዝ ሌላው ይቆጣጠር፤ በየወሩም በአባላቱ ፊት ይነበብ። መዋጮ ያጣ ሰው በጉልበቱ ይርዳ፤ ውኃ መቅዳትም መዋጮ ነው። ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ብቻ ይጨመር፦ ሦስት ቀን የተኛ ሰው ይጠየቅ።

አሁን ወደ ተማሪው ጥያቄ ልመለስ። ገንዘቡ በየኪሳችን ነበር። ሆኖም ለሞት ጡሩንባ ነፊ ሲኖር ለበሽታ ግን የለም። ታማሚዋ አላስቸግርም ብለው ዝም አሉ፤ እኛም ሳንጠይቅ ቀረን።

ልጆች፣ ይህን ሥራ እናንተ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ከትምህርት ቤት ስትመለሱ የጎረቤት በር እንደተዘጋ ከዋለ አንኳኩና ጠይቁ፤ ለወላጆቻችሁም ንገሩ። ፈረንሳይኛ የምታነቡ ደግሞ የሐኪሙን ወረቀት አንብቡላቸው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚባለው ጎረቤቱ በሩን ሲያንኳኳ ነው።